«ፒክ አፕ»ን ሳትሳሳቱ ለመጠቀም፦ ፍቺውን መለየት፣ ተተኪ ቃል መምረጥ፣ ቃሉን በቦታው ማስቀመጥ

ከእንግሊዝኛ ፍሬዛል ቨርቦች (ግስ እንደ «አፕ» ካለ ትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ አዲስ ፍቺ የሚሰጥባቸው) መካከል «ፒክ አፕ»ን ሰምቶ የማያውቅ ተማሪ የለም ማለት ይቻላል፤ በቦታው የሚጠቀምበት ግን ጥቂቱ ነው። ጣጣው የሚመጣው «ፒክ አፕ = ማንሳት» ብሎ ደብተር ላይ ጽፎ ከመዝጋት ነው። አለቃው «ቢዝነስ ኢዝ ፒኪንግ አፕ» ሲል፣ ፋርማሲው «መድኃኒትዎ ለፒካፕ ዝግጁ ነው» የሚል መልእክት ሲልክ፣ ማንሳቱ የቱ ጋ እንዳለ ይጠፋል። በተቃራኒው ደግሞ ፎቶ ማንሳትንም ጥያቄ ማንሳትንም በ«ፒክ አፕ» ልንናገር እንነሳለን፤ ሁለቱም ስህተት ናቸው።

ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሂዱባቸው። በተለይ ደረጃ 2ን ዘላችሁ ወደ ተተኪ ቃላቱ አትሂዱ፤ አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው እዚያ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ደብተር አውጡና አንዱን ገጽ በ4 ዓምድ ክፈሉ፦ ተሳቢ፣ የአማርኛ ፍቺ፣ ተተኪ ቃል፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር። የመጀመሪያው ዓምድ የግድ የተሳቢው ይሁን። ምክንያቱን ደረጃ 3 ላይ ታዩታላችሁ።

ለተማሪዎች የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ክፈቱ። ሎንግማን፣ ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ኢንተርኔት ላይ በነጻ አላቸው። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል በአንድ የአማርኛ ቃል ብቻ የሚተረጉም መዝገበ ቃላት ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ፍቺውን ከማንበባችሁ በፊት ርእሱን አስተውሉ። «ሰምባዲ» ወይም «ሰምቲንግ» የሚለው በ«ፒክ» እና በ«አፕ» መካከል ከገባ ግሱ ተሳቢ ይፈልጋል፤ ቃሉም ሊከፈል ይችላል ማለት ነው። ሎንግማን ይህንን በሁለት አቅጣጫ ቀስት ያመለክታል። ምንም ካልገባ ብዙ ጊዜ ተሳቢ የለውም።

ደረጃ 1፦ «ፒክ»ን ከ«ፒክ አፕ» ለዩ

«ፒክ» ብቻውን መምረጥ ወይም መልቀም ነው። ቡና ከዛፉ ላይ ስትለቅሙ «ፒክ ኮፊ» ትላላችሁ። የተበተነውን ፍሬ ጎንበስ ብላችሁ ከመሬት ስትለቅሙ ግን «ፒክ አፕ» ይሆናል። በአማርኛ ሁለቱም «መልቀም» ስለሆኑ መለያው ያለው ሥራው ላይ ነው፦ ከግንዱ መቅጠፍ ከሆነ «አፕ» አይገባም፣ ከወደቀበት ማንሳት ከሆነ ይገባል።

«ምረጡ» ለማለት «ፒክ አፕ ዋን» አትበሉ፤ «ፒክ ዋን» ነው። ከብዙ ነገር መካከል ለይቶ ማውጣት «ፒክ አውት» ይባላል። «ፒክ ኦን» ደግሞ አንዱን ሰው ነጥሎ ማስቸገር ነው፤ ትምህርት ቤት ልጅ ያላቸው ወላጆች ይህችን ቢያውቋት ይጠቅማቸዋል።

ደረጃ 2፦ የ«ማንሳት»ን ወጥመድ ዝጉ

የኛ «አነሳ» ሰፊ ቃል ነው። ከ«ፒክ አፕ» ጋር የሚገጥመው በጥቂት ቦታ ብቻ ነው፦ የወደቀ ዕቃ ማንሳት፣ ልጅ ከመሬት አንስቶ ማቀፍ፣ የሚጮኽ ስልክ ማንሳት፣ የቆሻሻ መኪና ቆሻሻ ሲያነሳ። ከዚህ ውጭ ባሉት «አነሳ»ዎች ላይ «ፒክ አፕ»ን አታስገቡ፦

- ፎቶ ማንሳት፦ «ቴክ»
- ጥያቄ ወይም ጉዳይ ማንሳት፦ «ሬይዝ»፤ በጭውውት «ብሪንግ አፕ»
- እጅ ማንሳት፦ «ሬይዝ» ወይም «ፑት አፕ»
- ማዕድ ማንሳት፦ «ክሊር ዘ ቴብል»
- እገዳ ማንሳት፦ «ሊፍት»
- ከሥልጣን ማንሳት፦ «ሪሙቭ»

ይህንን ዝርዝር ደብተራችሁ መጀመሪያ ላይ ገልብጡት። ስብሰባ ላይ «አንድ ነጥብ ላንሳ» ለማለት «ሌት ሚ ፒክ አፕ አ ፖይንት» ያለ ሰው የራሱን ሐሳብ የሚያመጣ አይመስልም፤ ሌላው ተናጋሪ የጀመረውን ነጥብ ተቀብሎ ሊቀጥል ነው የሚመስለው። የራሳችሁን አዲስ ነጥብ ስታመጡ «ሬይዝ አ ፖይንት» በሉ።

ደረጃ 3፦ ተሳቢውን ፈልጉ፤ ፍቺውን እሱ ይነግራችኋል

የ«ፒክ አፕ»ን ፍቺዎች በቁጥር ደርድሮ መሸምደድ አይሠራም። ዓረፍተ ነገሩን ስታገኙ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ምንን ወይም ማንን?

*ሰው ከሆነ*

ሄዶ መቀበል፣ በመኪና መጫን ነው። «አይ ዊል ፒክ ዩ አፕ አት ሲክስ» ማለት «በ12 ሰዓት መጥቼ እወስድሃለሁ» ነው። እዚህ ላይ ከግሱ ይልቅ የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው፦ የፈረንጁ 6 የኛ 12 ስለሆነ ለአገር ቤት ሰው ስታስተላልፉ ቀይራችሁ ንገሩ።

ተተኪዎቹ «ጌት» (የዕለት ተዕለት)፣ «ኮሌክት» (እንግሊዝ አገር የተለመደ) እና «ጊቭ ሰምዋን አ ራይድ» (አሜሪካ) ናቸው። የመጨረሻው በመኪና ማድረስን ብቻ ስለሚናገር ከየት እንደምትወስዱት ጨምሩ። «ሚት» ኤርፖርት ድረስ ሄዶ መቀበል ነው፤ መኪና ስለመኖሩ ምንም አይናገርም። «ፌች»ን ለሰው ስትጠቀሙ ተጠንቀቁ፤ አሜሪካ ውስጥ ይበልጥ የሚሰማው ለውሻ ኳስ ሲወረወርለት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የማይታወቅ ሰው ሲሆንና ቦታው መጠጥ ቤት ወይም ጭፈራ ቤት ሲሆን «ፒክ አፕ» ማሽኮርመም፣ ለፍቅር አነጋግሮ ይዞ መሄድ ይሆናል። ማታ ማታ ታክሲ የሚሠራ ሰው «አይ ፒክ አፕ ገርልስ አት ናይት» ቢል ሰሚው የሚያስበው ሌላ ነው። «ፓሴንጀርስ» ወይም «ከስተመርስ» በሉና ተገላገሉ። አድራጊው ፖሊስ ከሆነ ደግሞ መያዝ ነው፤ ተተኪው «አሬስት» ወይም «ዲቴይን»።

*የታዘዘ ወይም የተዘጋጀ ዕቃ ከሆነ*

ሄዶ መረከብ ነው፤ ተተኪው «ኮሌክት» ወይም «ጌት»። አሜሪካ ፋርማሲ ስትሄዱ ብዙ ጊዜ ሁለት ጽሑፍ ታያላችሁ፦ «ድሮፕ ኦፍ» የሐኪም ወረቀት የምትሰጡበት፣ «ፒካፕ» የተዘጋጀውን መድኃኒት የምትወስዱበት። ተሳስታችሁ ከተሰለፋችሁ «አይ አም ሂር ቱ ፒክ አፕ አ ፕረስክሪፕሽን» በሉ፤ ወደ ትክክለኛው መስኮት ይመሯችኋል። ትምህርት ቤት በር ላይም እነዚሁ ሁለት ቃላት አሉ፦ ጠዋት ልጅ ማድረስ «ድሮፕ ኦፍ»፣ ከሰዓት መውሰድ «ፒካፕ»።

*ሱቅ የሚሸጥ ትንሽ ነገር ከሆነ*

በዚያው ሲያልፉ መግዛት ነው። «ፒክ አፕ ሰም ሚልክ ኦን ዩር ዌይ ሆም» ማለት «ስትመጣ ወተት ይዘህ ና» ነው፣ ገንዘቡን የሚከፍለውም መንገደኛው ነው። ተተኪዎቹ «ጌት»፣ «ግራብ»፣ «ባይ»። ሄዶ ከመረከቡ ፍቺ የሚለየው ቀደም ብሎ አለመታዘዙ ወይም አለመከፈሉ ብቻ ስለሆነ፣ ግልጽ ካልሆነላችሁ «ኢዝ ኢት ኦልረዲ ፔይድ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቤት ወይም መኪና ለመግዛት «ባይ»ን ተጠቀሙ።

*ቋንቋ፣ ሙያ ወይም ልማድ ከሆነ*

ክፍል ገብቶ ሳይሆን በመስማት፣ በመኖር መልመድ ነው። ቤይሩት ወይም ዱባይ ሠርቶ አረብኛ የለመደ ሰው «አይ ፒክት አፕ አረቢክ አት ወርክ» ይላል። ኮርስ ወስዳችሁ፣ ተፈትናችሁ የተማራችሁትን ግን «ለርን» ወይም «ስተዲ» በሉት። ሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ይህ ልዩነት ያስከፍላል፦ የምስክር ወረቀት ያላችሁበትን ሙያ «አይ ፒክት ኢት አፕ» ብትሉ እንዲሁ በልምድ የያዛችሁት ይመስላል። ጠበቅ ባለ ጽሑፍ ተተኪው «አኳየር» ነው።

*ስልክ ከሆነ*

ተተኪው «አንሰር» ነው። ተሳቢው ብዙ ጊዜ ይቀራል፦ «አይ ኮልድ በት ሺ ዲድንት ፒክ አፕ»፣ ደወልኩ አላነሳችም። «ፒክ አፕ ዘ ፎን ኤንድ ኮል ሂም» ሲባል ግን ትእዛዙ ደውልለት ነው። የሚጮኽ ስልክ ሳይኖር ይህ ሲባል ሰምታችሁ ግራ ከተጋባችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

*በሽታ ከሆነ*

ከሰው ወይም ከቦታ መያዝ፤ ጉንፋን፣ የሆድ ተሕዋስ። ተተኪው «ካች»፣ በሕክምና ጽሑፍ «ኮንትራክት»። ስኳርና ደም ግፊትን በዚህ አትናገሩ፤ ተላላፊ አይደሉም፣ «ዴቨሎፕ» ነው የሚባለው።

*ድምፅ ወይም ሲግናል ከሆነ*

መሣሪያ ሲሆን መቀበል፣ መያዝ፦ «ሪሲቭ»፣ «ዲቴክት»። ሰው ከሆነና «ኦን» ከተጨመረ፣ ማለትም «ፒክ አፕ ኦን» ከሆነ፣ ሳይነገር የቀረውን ማስተዋል ነው፤ ተተኪው «ኖቲስ»።

*ሒሳብ ከሆነ*

ለሁሉም መክፈል፣ እኛ «እኔ ልጋብዝ» የምንለው ነው። እንግሊዝ አገር «ፒክ አፕ ዘ ቢል»፣ አሜሪካ «ዘ ቼክ» ወይም «ዘ ታብ»። ሒሳቡን ከጠረጴዛው አንስቶ ለሌላው ማቀበል እንዳይመስላችሁ፤ ካላችሁት ትከፍላላችሁ።

*ክፍል ወይም ቤት ከሆነ*

አሜሪካ ውስጥ ማስተካከል፣ የተዝረከረከውን መሰብሰብ ነው፤ ተተኪው «ታይዲ አፕ» ወይም «ክሊን አፕ»።

*ተሳቢ ከሌለ*

ስልኩን ካልሆነ በቀር መሻሻል ወይም መጨመር ነው። ገበያ፣ ሽያጭ፣ ነፋስ፣ ትራፊክ። ለገበያ «ኢምፕሩቭ»፣ ለነፋስ «ጌት ስትሮንገር»። ቀድሞ ወደነበረበት ከተመለሰ «ሪከቨር»። ዋጋ ተወደደ ለማለት «ጎ አፕ» ወይም «ራይዝ» በሉ፤ «ፒክ አፕ» መልካም ዜና ስለሚያስመስለው የኑሮ ውድነት ሲወራ አይስማማም። «ፒክ አፕ ስፒድ» ተሳቢ ቢኖረውም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ተተኪው «አክሰለሬት»።

«ፒክ አፕ ዌር ዊ ሌፍት ኦፍ» ሲባል ደግሞ ካቆምንበት እንቀጥል ነው፤ ተተኪው «ሪዚዩም» ወይም «ካሪ ኦን»።

ደረጃ 4፦ ተውላጠ ስሙን መሀል አስገቡ

ተሳቢው ሙሉ ስም ሲሆን ሁለቱም ቦታ ልክ ነው፦ «ፒክ አፕ ዘ ኪድስ»፣ «ፒክ ዘ ኪድስ አፕ»። ተውላጠ ስም ሲሆን ግን ያለው ቦታ አንድ ብቻ ነው፣ መሀል፦ «ፒክ ኢት አፕ»፣ «ፒክ ሂም አፕ»፣ «ፒክ ዘም አፕ»።

«ፒክ አፕ ሂም» ስህተት ነው። የምንሳሳተውም በአማርኛ ልማዳችን ነው፦ «አነሳሁት»፣ «ተቀበልኳት» ስንል ተሳቢው ግሱ መጨረሻ ላይ ይለጠፋል፤ ምላሳችን እንግሊዝኛውንም እንደዚያው ይጨርሰዋል። ለማረም «ፒክ»ን ካላችሁ በኋላ ቆም በሉ፣ ተውላጠ ስሙን አስገቡ፣ ከዚያ «አፕ» በሉ። በ«ኢት፣ ሂም፣ ኸር፣ ዘም፣ ዩ፣ ሚ፣ አስ» 7ቱንም ድምፅ እያወጣችሁ ደጋግሙ።

ሁለት ልዩ ሁኔታዎችን ያዙ። ተሳቢው ረጅም ከሆነ ከ«አፕ» በኋላ አድርጉት፤ «ጠረጴዛው ሥር ያለውን ጥቁር ሻንጣ» የሚያህል ሐረግ መሀል ከገባ «አፕ» እስኪመጣ ሰሚው ይጠፋበታል። «ፒክ አፕ ኦን» ደግሞ አይከፈልም፦ «ፒክ አፕ ኦን ኢት»።

ደረጃ 5፦ ጆሯችሁን አዘጋጁ

ተናጋሪው 3 ቃል አይልላችሁም፣ አያይዞ አንድ ያደርገዋል። «ፒክ ኢት አፕ» እንግሊዝ አገር «ፒኪታፕ» ይሆናል። አሜሪካኖች ት-ን በምላስ ጫፍ መታ አድርገው ስለሚያልፏት ለኛ ጆሮ «ፒኪዳፕ» ወይም «ፒኪራፕ» ትመስላለች። «ፒክ ሂም አፕ» ደግሞ ሀ-ው ይዋጥና «ፒኪማፕ»፣ «ፒክ ኸር አፕ» «ፒከራፕ» ይላል። «ፒኪራፕ»ና «ፒከራፕ» ስለሚቀራረቡ በስልክ ትእዛዝ ስትቀበሉ ሰው ይሁን ዕቃ መልሳችሁ አረጋግጡ።

የኃላፊ ጊዜው መጨረሻ ት ነው፦ «ፒክት»። «ፒከድ» አትበሉ። ከ«አፕ» ጋር ሲገናኝ «ፒክታፕ» ይሆናል።

ግስ ሲሆን «አፕ» ላይ ጠበቅ አድርጉ፣ ስም ሲሆን «ፒ» ላይ። ስሙ በአንድ ቃል ይጻፋል (እንግሊዞች ብዙ ጊዜ ሰረዝ ያስገባሉ)፤ ግሱ ግን ሁልጊዜ በሁለት ቃል ነው። አገር ቤት ከኋላ ክፍት ጭነት ያላትን መኪና «ፒካፕ» የምንላት ከስሙ ነው።

ደረጃ 6፦ ተተኪውን እንደ ጽሑፉ ክብደት ምረጡ

ለጓደኛ መልእክት ስትጽፉ «ፒክ አፕ»ን እንዳለ ተዉት። ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ ለማመልከቻና ለአይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ጽሑፍ ግን ባለ አንድ ቃል ግስ ምረጡ፦ ሰነድ ለመረከብ «ኮሌክት»፣ ሽያጭ ለመሻሻሉ «ኢምፕሩቭ»፣ ሥራ ለመቀጠል «ሪዚዩም»።

ከባዱ ቃል ሁሉ የትም ይገባል ብላችሁ ግን አትሳቱ። «አኳየር» ለቋንቋ ይሆናል፣ ለጉንፋን አይሆንም። «ኮንትራክት» ለበሽታ ይሆናል፣ ለልማድ አይሆንም፤ ግስ ሲሆንም የሚጠብቀው ሁለተኛው ክፍለ ቃል ነው፣ አለዚያ «ውል» ይመስላል። ልጃችሁን ከትምህርት ቤት «አኳየር» አታድርጉ፤ ንብረት መግዛት ይመስላል።

ደረጃ 7፦ ራሳችሁን ፈትኑ

መልሱን ሸፍናችሁ እያንዳንዱን በአማርኛ ተናገሩ፣ ከዚያ ተተኪ ስጡ።

1. «ዘ ዊንድ ፒክት አፕ።»
2. «ካን ዩ ፒክ አፕ ሰም ብሬድ?»
3. «ሂ ፒክት አፕ አ ኮልድ።»
4. «ማይ ፎን ካንት ፒክ አፕ ኤኒ ሲግናል።»
5. «ኸር ብራዘር ፒክት ኸር አፕ።»

መልስ፦ 1. ነፋሱ በረታ፤ «ጎት ስትሮንገር»። 2. ዳቦ ይዘህ ትመጣለህ? «ጌት» ወይም «ባይ»። 3. ጉንፋን ያዘው፤ «ኮት»። 4. ስልኬ ኔትወርክ አይዝም፤ «ጌት» ወይም «ሪሲቭ»። 5. ወንድሟ መጥቶ ወሰዳት፣ «ኮሌክትድ»፤ እሷ ሕፃን ከሆነች ግን ከመሬት አንስቶ አቀፋት፣ «ሊፍትድ» ሊሆን ይችላል። 5ኛዋን ያለ ተጨማሪ ዓረፍተ ነገር መቁረጥ አይቻልም፤ ሁለቱንም ካላችሁ ልክ ናችሁ።

ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?

*ተሳቢው አለ፣ ፍቺው ግን አልመጣም።* አድራጊውን እዩ። ፖሊስ ነው? መሣሪያ ነው? ሾፌር ነው? እሱም ካልረዳ ከፊትና ከኋላ ያለውን ዓረፍተ ነገር አንብቡ፤ መዝገበ ቃላቱን ከዚያ በኋላ ክፈቱ።

*ተናግራችሁ ሰሚው ሳቀ ወይም ደነገጠ።* ምናልባት የማሽኮርመሙ ፍቺ ገብቶበት ነው። አትከራከሩ፤ «አይ ሚን፣ አይ ጌቭ ኸር አ ራይድ» ብላችሁ አስተካክሉ።

*ተውላጠ ስሙ መጨረሻ ላይ አመለጣችሁ።* ሰሚው ይገባዋልና ንግግራችሁን አታቋርጡ። ጽሑፍ ከሆነ ግን ከመላካችሁ በፊት «አፕ»ን ፈልጉና ቀጥሎ «ሂም»፣ «ኸር»፣ «ኢት» ወይም «ዘም» ካለ ወደ መሀል አምጡት።

*ተተኪውን ስታስገቡ ዓረፍተ ነገሩ ተንጋደደ።* «አፕ»ን ሳታወጡ ቀርታችሁ ይሆናል። በነዚህ ፍቺዎች «ኮሌክት አፕ»፣ «አንሰር አፕ» አይባልም፤ ግሱ ሲቀየር «አፕ» አብራ ትወጣለች፣ ተውላጠ ስሙም ከአዲሱ ግስ በኋላ ይቀመጣል፦ «ኮሌክት ሂም»።